ሮስተሩ ሲሰፋ ማርኩ የት ይሄዳል? ስለ ተለጣጭ ድርድር

የሴሚስተር መጨረሻ ሲቃረብ በየትምህርት ቤቱ የሚታየውን ጥድፊያ ለመምህራን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ማርክ ሊስት ይሰበሰባል፤ ሮስተር ይሞላል፤ ድምር ይደመራል፤ አማካይ ይወጣል፤ ደረጃ ይሰጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እናስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ይህን ድካም እናቃልላለን በማለት በኤክሴል ውስጥ በሚገኘው ቪዥዋል ቤዚክ አንዲት አነስተኛ ፕሮግራም ጻፍን። ፕሮግራሟ የአንድን ክፍል 60 ተማሪዎች የ10 ትምህርት ማርክ ተቀብላ ድምሩን፣ አማካዩንና ደረጃውን ታወጣለች። ለሁለት ሳምንት ያህል ያለ እንከን ሠራች፤ እኛም ኩራት ቢጤ ሳይሰማን አልቀረም።

ሮስተሩ ሊታተም አንድ ቀን ሲቀረው በዝውውር የመጣች 61ኛ ተማሪ ወደ ክፍሉ እንድትመዘገብ ተደረገ። ለዚህም ቢሆን አስቀድመን ስላሰብንበት «አዲስ ተማሪ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንን። ኮምፒዩተሩ አንድም የስሕተት መልእክት ሳያሳይ ቦታ ሰጠን፤ ማርኳን አስገባን፤ ወረቀቱም ታተመ። አዲሲቱ ተማሪ 1ኛ ወጥታለች። የቀሩት 60 ተማሪዎች በ10ሩም ትምህርት 0 አግኝተው ሁሉም በጋራ 2ኛ ሆነዋል። ፕሮግራሟ በእጇ ያለውን ሁሉ በሥራ ሉሁ ላይ መልሳ ስለምትጽፍ፣ ቀድሞ እዚያ የነበረው ትክክለኛ ማርክም በዜሮ ተተክቶ ጠፋ።

የአብዛኞቹ መምህራን የእጅ ማርክ ሊስት ስለነበረ ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለን እንደገና አስገባነው። በአንድ ትምህርት ግን የፈተናው ወረቀት ለተማሪዎች ከተመለሰ በኋላ ማርኩ በቀጥታ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ብቻ ተመዝግቦ ስለነበር፣ ልጆቹ ወረቀታቸውን ከየቤታቸው ፈልገው እንዲያመጡ ተጠየቁ። ሦስቱ ሊያገኙት ስላልቻሉ ያለ ጥፋታቸው እንደገና ለመፈተን ተገደዱ። የዚህ ሁሉ ምክንያት አንዲት ቃል መጉደሏ ነበር። ቃሏ ለምን እንደምታስፈልግ ለመረዳት ግን ኮምፒዩተር ድርድርን «ሲያሰፋ» በውስጡ በእርግጥ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያሻል። ዛሬ በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ይህን ትምህርት ስናቀርብ የምንጀምረው ከዚያ ስለሆነ፣ እዚህም በዚያው መንገድ እንሄዳለን።

ገበጣና ድርድር

ድርድር ስንል ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን ማለታችን አይደለም። መደርደር ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በፕሮግራም ቋንቋ አሬይ የሚባለውን ነገር ለመግለጽ የምንጠቀምበት ነው። ይኸውም አንድ ዐይነት የሆኑ ብዙ መረጃዎች በአንድ ስም ተጠርተው፣ በተራ ቁጥራቸው የሚለዩበት አቀማመጥ ነው። የ60 ተማሪዎችን ማርክ በ60 የተለያዩ ስሞች ከመጥራት ይልቅ «ማርክ» የሚል አንድ ስም ሰጥተን፣ የ17ኛውን ስንፈልግ ማርክ 17 እንላለን ማለት ነው።

ገበጣ ተጫውቶ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ጉድጓዶቹ ተከታትለው ተቆፍረዋል፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጠጠሩን ይይዛል። የመጀመሪያው ጉድጓድ የት እንደሆነና አንዱ ከሌላው በምን ያህል እንደሚርቅ ካወቅን፣ 17ኛው የት እንዳለ አንድ በአንድ ሳንቆጥር በስሌት እንደርስበታለን። ኮምፒዩተሩም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በቪዥዋል ቤዚክ ደብል የሚባለው የቁጥር ዐይነት በሜሞሪ ውስጥ 8 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማርክ የሚገኝበት አድራሻ ከታወቀ 17ኛው ከዚያ 16 ጊዜ 8፣ ማለትም 128 ባይት ርቆ ይገኛል። 17ኛውንም ሆነ 5000ኛውን ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ እኩል ነው። የድርድር ጥቅሙ ሁሉ ከዚህ የመነጨ ሲሆን፣ ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው፤ ስሌቱ የሚሠራው ጉድጓዶቹ ሳይቆራረጡ ጎን ለጎን ከሆኑ ብቻ ነውና።

አሁን መሬት ላይ ከተቆፈረው ገበጣችን መጨረሻ አንድ ጉድጓድ መጨመር ፈለግን እንበል። ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ ሌሎች ልጆች የራሳቸውን ገበጣ ቆፍረው ይጫወታሉ። የእነርሱን ማፍረስ አይቻልም፤ የእኛን አንድ ጉድጓድ ራቅ ብሎ መቆፈርም የስሌቱን ሥርዓት ያፈርሳል። ያለው አማራጭ ሰፋ ያለ ባዶ ቦታ ፈልጎ አዲስ ገበጣ መቆፈር፣ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር፣ ከዚያም አሮጌውን ለሌላ ተጫዋች መልቀቅ ነው። የኮምፒዩተር ሜሞሪም እንዲሁ ነው። ከድርድራችን ቀጥሎ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ በሌላ መረጃ ተይዟል። ስለሆነም ተለጣጭ ድርድር የምንለው፣ በእንግሊዝኛው ስያሜ ዳይናሚክ አሬይ፣ እንደ ጎማ የሚሳብ ነገር አይደለም። ስሙ ያው ሆኖ ከሥሩ ያለው ገበጣ በሌላ የሚተካ ነው።

ተማሪዎች ይህን ከተረዱ የቀረው ትእዛዝ መማር ብቻ ነው። ሳይረዱ ትእዛዙን ከሸመደዱ ግን እኛ የደረሰብን ይደርስባቸዋል።

ከቋሚው ወደ ተለጣጩ

ቤዚክ የተባለውን ቋንቋ ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ በአሜሪካ በዳርትመዝ ኮሌጅ በ1964 እ.ኤ.አ. ሲያዘጋጁ ዓላማቸው የሳይንስ ተማሪ ያልሆኑትም ጭምር ኮምፒዩተር እንዲጠቀሙ ነበር። በዚያ ቋንቋ የድርድር መጠን የሚወሰነው ዲም በሚባለው ትእዛዝ ሲሆን፣ መጠኑን ሳይገልጹ ድርድር መጠቀም ለጀመሩ ቋንቋው ራሱ እስከ 10 ቁጥር ድረስ ቦታ ይሰጥ ነበር። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ቁርጡን መናገር አለበት። የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ቤዚክ በ1991 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ በ1993 ደግሞ ለኤክሴል ተስማምቶ የተዘጋጀው ዐይነት ከኤክሴል 5 ጋር ቀረበ። ራሱን ችሎ ይሸጥ የነበረው ቪዥዋል ቤዚክ 6 ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም፣ በኤክሴል ውስጥ ያለው ግን ዛሬም ይሠራል። ኤክሴል የተጫነበት ኮምፒዩተር ያለው ትምህርት ቤት ሌላ ነገር ሳይገዛ ሊያስተምርበት ስለሚችል ለምሳሌ የመረጥነው ይህንን ነው። አልት የሚለውንና ኤፍ 11 የሚለውን ቁልፍ አብሮ በመጫን የመጻፊያው ገጽ ይከፈታል። (ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው በፊደላችን እንጽፋቸዋለን፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን በላቲን ፊደል መጻፍ እንዳለባቸው ግልጽ ነው።)

ዲም ብለን፣ ከድርድሩ ስም ቀጥሎ በቅንፍ ውስጥ 60 ብንጽፍ ቋሚ ድርድር ፈጠርን ማለት ነው። መጠኑ ፕሮግራሙ ሲጻፍ ተወስኗል፤ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ ሊለወጥ አይችልም፤ ለመለወጥ ብንሞክር ገና ከመጀመሩ በፊት ስሕተት ነው ይለናል። 61ኛውን ማርክ በ61 ቁጥር ለማስገባት ስንሞክርም ስሕተት ቁጥር 9 የተባለውን መልእክት ያሳያል፤ ትርጉሙም የጠቀስከው ተራ ቁጥር ከወሰን ውጭ ነው ማለት ነው። ቅንፉን ባዶ አድርገን ከተውነው ግን ተለጣጭ ድርድር ይሆናል። በዚህ ጊዜ ስም አለው፤ ጉድጓድ ግን የለውም። ገና ምንም ሳይቆፈር አንድ ማርክ ለማስገባት የሞከረ ተማሪ ያንኑ ስሕተት ቁጥር 9 ያገኛል። ወሰኑ ስንት ነው ብሎ ዩባውንድ በሚባለው ትእዛዝ ቢጠይቅም መልሱ ያው ነው፤ ስለሌለ ነገር ወሰን መጠየቅ አይቻልምና።

ጉድጓዱ የሚቆፈረው ሪዲም በሚባለው ትእዛዝ ነው። ከቋሚው የሚለየው ታላቁ ነገር በቅንፉ ውስጥ ቫሪያብል ማስገባት መቻሉ ነው። ፕሮግራሙ አስቀድሞ «በክፍሉ ስንት ተማሪ አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መምህሩ 43 ካሉ 43፣ 72 ካሉ 72 ጉድጓድ ይቆፈራል። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ፕሮግራም ለሌላውም ያገለግላል። ቁጥሩ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነና በኋላ የማይለወጥ ከሆነ ነገሩ በዚሁ ያበቃል።

የጎደለችው ቃል

ችግሩ የሚመጣው ሪዲም ለሁለተኛ ጊዜ ሲታዘዝ ነው። ሪዲም ለብቻው ሲሰጥ አዲስ ገበጣ ይቆፍራል፤ አሮጌውን ይለቃል፤ ጠጠሩን ግን አያዛውርም። አዲሶቹ ጉድጓዶች ሁሉ፣ ድርድሩ የቁጥር ከሆነ፣ 0 ይዘው ይወለዳሉ። እኛ የጻፍነው ይህንኑ ነበር። ከ60 ወደ 61 አሰፋን፤ 61 ዜሮ አገኘን፤ በመጨረሻው ላይ የአዲሲቱን ተማሪ ማርክ ጻፍንበት። ኮምፒዩተሩ ስሕተት ያላለን ስሕተት ስላልነበረ ነው፤ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ይዘቱ እንዲዛወር የሚያደርገው ፕሪዘርቭ የሚለው ቃል ነው፤ ጠብቅ ማለት ነው። ሪዲም ፕሪዘርቭ ብለን ብንጽፍ ኖሮ 60ዎቹ ማርኮች ወደ አዲሱ ቦታ ተዛውረው፣ 61ኛው ብቻ 0 ሆኖ ይጠብቀን ነበር። በእርግጥ ትእዛዙ በቂ የሚሆነው ድርድሩ በትክክለኛው አቅጣጫ ከተዘረጋ ነው፤ ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

ቃሏን ሁልጊዜ መጻፍ ይሻላል ወይ የሚል ጥያቄ ሠልጣኞቻችን ያነሣሉ። አይደለም። የ9ኛ ሀን ጨርሰን የ9ኛ ለን ማርክ ልናስገባ ስንነሣ የቀድሞው ክፍል ማርክ ቀርቶ ብናገኘው ሌላ ጥፋት ነው። እዚያ ላይ ሪዲም ለብቻው፣ ወይም ድርድሩን ጨርሶ የሚያስለቅቀው ኢሬዝ የተባለው ትእዛዝ ያስፈልጋል። ማሳነስም እንደ ማስፋት ሁሉ ይቻላል፤ ነገር ግን ከ61 ወደ 58 ሪዲም ፕሪዘርቭ ብንል የሚቆረጡት የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ናቸው። ትምህርት ያቋረጠው ተማሪ ተራ ቁጥሩ 12 ከሆነ አስቀድመን ከ13 ጀምሮ ያሉትን አንድ አንድ ደረጃ ወደ ፊት ማምጣት አለብን፤ አለበለዚያ የምንሰርዘው በክፍሉ የሌለውን ሳይሆን በመጨረሻ የተመዘገበውን ነው።

የክብሪት ቀፎ

ጠጠሩ አንድ በአንድ የሚዛወር ከሆነ ማዛወር ሥራ ነው፤ ሥራም ጊዜ ይወስዳል። ይህን ኮምፒዩተር ሳይኖርም፣ መብራት ጠፍቶም ማስተማር ይቻላል። እኛ የምንጠቀምበት የትምህርት መርጃ ባዶ የክብሪት ቀፎና የጠመኔ ስብርባሪ ነው። አንድ ቀፎ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አንድ የጠመኔ ስባሪ ይገባበታል። ሁለተኛ ስባሪ ሲመጣ ቦታ የለም፤ ስለዚህ ከሌላ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቀፎ ይደረደራል፤ አንዱ ስባሪ ይዛወራል፤ አዲሱ ይጨመራል። ሦስተኛው ሲመጣ ሦስት ቀፎ ይደረደርና ሁለቱ ይዛወራሉ። አንድ ተማሪ የሚዛወረውን ብቻ በሰሌዳ ላይ ይቆጥራል። 16 ስባሪ እስኪሞላ ድረስ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 15 የሚደመረው ማዛወር 120 ይሆናል። ክፍሉ በዚህ ጊዜ መሰላቸቱን በግልጽ ያሳያል፤ መሰላቸቱም የትምህርቱ አንድ ክፍል ነው።

በሁለተኛው ዙር ደንቡ ይለወጣል። ቦታ ባለቀ ቁጥር የቀፎው ብዛት እጥፍ ይደረጋል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16። አሁን የሚዛወረው 1 ሲደመር 2 ሲደመር 4 ሲደመር 8 ነው፤ 15 ብቻ። 120ው ወደ 15 ወረደ። ለ1000 ማርክ ሒሳቡን ብንሠራ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። አንድ አንድ እየጨመሩ ማስፋት 499,500 ጊዜ ማዛወርን ይጠይቃል። በ50 ጀምሮ 50 50 እየጨመሩ ማስፋት ወደ 9,500 ያወርደዋል። ከ1 ጀምሮ እጥፍ እያደረጉ መሄድ ግን 1,023 ብቻ ነው። የሒሳብ መምህራን ከሁለተኛው ዙር የጂኦሜትሪ ተከታታይ ድምርን ሊያስተምሩበት ይችላሉ፤ በእጥፍ የሚያድግ ድርድር ውስጥ የሚዛወረው ጠቅላላ ብዛት ከገባው መረጃ እጥፍ ምን ጊዜም እንደማይደርስ ከዚያ ይወጣል።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን «ለ60 ተማሪ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ለ60 ተማሪ ኮምፒዩተሩ ልዩነቱን ዐይን እስኪጨፈን ድረስ ይጨርሰዋል። ነገር ግን የመላ ትምህርት ቤቱን የበርካታ ዓመታት ማርክ አንድ በአንድ እየጨመረ የሚያነብ ፕሮግራም እየዘገየ ሲሄድ፣ ተማሪው ጥፋቱን ከኮምፒዩተሩ እርጅና ላይ ይጥላል።

አቅምና ብዛት

በእጥፍ የማሳደግን ዘዴ ተማሪዎች በኮምፒዩተሩ ከመጻፋቸው በፊት በአማርኛ በወረቀት እንዲጽፉት እናደርጋለን። የሚከተለውን ይመስላል፦

1. ማርክ የሚባል ተለጣጭ ድርድር አስተዋውቅ፤ አቅምን 16፣ ብዛትን 0 አድርግ።
2. ማርክን ከ1 እስከ አቅም ቆፍር።
3. አዲስ ውጤት ተቀበል፤ ውጤቱ ከ0 በታች ከሆነ ወደ 7 ሂድ።
4. ብዛት ከአቅም ጋር እኩል ከሆነ አቅምን እጥፍ አድርግ፤ ማርክን ይዘቱን ጠብቀህ ከ1 እስከ አቅም እንደገና ቆፍር።
5. ብዛት ላይ 1 ጨምር፤ ውጤቱን በማርክ ውስጥ በብዛት ቁጥር አስቀምጥ።
6. ወደ 3 ተመለስ።
7. ማርክን ይዘቱን ጠብቀህ ከ1 እስከ ብዛት ቁረጥ።

(አንድም ውጤት ሳይገባ ቢጨረስ 7ኛው መስመር ከ1 እስከ 0 ቁረጥ ስለሚል ኮምፒዩተሩ አይቀበለውም። ይህን ራሱ ደርሶበት የሚጠይቅ ተማሪ ካለ ሊመሰገን ይገባል።)

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ ልብ ይሏል። አቅም የተቆፈሩት ጉድጓዶች ቁጥር ነው፤ ብዛት ጠጠር ያለባቸው ናቸው። ሁለቱን ማምታታት ከፕሪዘርቭ መጉደል የከፋ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም የፕሪዘርቩ ጥፋት ወረቀቱ ሲወጣ ወዲያውኑ ይታያል። ለምሳሌ 72 ተማሪዎች ያሉበትን ክፍል እንውሰድ። አቅሙ ከ16 ወደ 32፣ ወደ 64፣ ከዚያም ወደ 128 ይደርሳል። የማርኩ ድምር 4,680 ቢሆን የክፍሉ አማካይ 65 ነው። 7ኛውን መስመር የዘለለና ድምሩን ለአቅም ያካፈለ ተማሪ ግን 36.56 ያገኛል። ደኅና የሠራ ክፍል ወደቀ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን 65ን ከ36 የሚለይ መምህር ይጠራጠራል። ይበልጥ የሚያሳስበን ትንሹ ስሕተት ነው። ቪዥዋል ቤዚክ ሌላ ካልተነገረው በስተቀር መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። ስለዚህ በቅንፍ ውስጥ 60 ብቻ የጻፈ ሰው ያገኘው 60 ሳይሆን 61 ጉድጓድ ነው፤ ከ0 እስከ 60። ተማሪዎቹን ከ1 ጀምሮ ካስገባ 0ኛው ጉድጓድ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ከ0 እስከ 60 ደምሮ ለ61 ሲያካፍልም የሌለ ተማሪ ዜሮ አግኝቶ ይቆጠራል። 60 ተማሪዎች በአማካይ 61 ቢያገኙ ድምሩ 3,660 ይሆናል፤ ለ61 ሲካፈል ልክ 60 ይመጣል። 60 የሚል አማካይ ያየ ማን ይጠራጠራል? መከላከያው ወሰኑን በሙሉ «ከ1 እስከ 60» ብሎ በግልጽ መጻፍ ነው። በገጹ ራስ ላይ ኦፕሽን ቤዝ 1 ብሎ መነሻውን መለወጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ያን መስመር ያላየ ሌላ ሰው ፕሮግራሙን ሲያነብ ስለሚሳሳት እኛ አንመርጠውም።

ሮስተሩን በጎኑ ማስተኛት

ሮስተር አንድ ረድፍ ብቻ አይደለም። ተማሪዎች ወደ ታች፣ ትምህርቶች ወደ ጎን የሚሄዱበት ሰንጠረዥ ነው። በድርድር ሲጻፍ ሁለት ተራ ቁጥር ይኖረዋል። ወረቀቱን የለመደ መምህር በመጀመሪያ የተማሪውን፣ ቀጥሎ የትምህርቱን ቁጥር ይጽፋል። እንደዚህ ያደረገ ሰው ሪዲም ፕሪዘርቭ ብሎ 61ኛ ተማሪ ለመጨመር ሲሞክር ያ ስሕተት ቁጥር 9 እንደገና ይጠብቀዋል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ይዘቱን ጠብቆ ማስፋት የሚቻለው የመጨረሻውን አቅጣጫ ብቻ ነው። ብዙ የመማሪያ ጽሑፎች ደንቡን ተናግረው ያልፋሉ፤ ምክንያቱ ግን ከገበጣችን የሚገኝ ስለሆነ ማስረዳቱ አያስቸግርም።

ሰንጠረዡ በወረቀት ላይ ሁለት አቅጣጫ ይኑረው እንጂ ሜሞሪ ውስጥ ያው አንድ ረጅም ረድፍ ነው። ቪዥዋል ቤዚክ የሚደረድረው የመጀመሪያው ቁጥር ፈጥኖ እንዲለወጥ አድርጎ ነው። ትምህርትን አስቀድመን ተማሪን ብናስከትል፣ የ1ኛው ተማሪ 10 ማርኮች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ከዚያ የ2ኛው 10 ማርኮች ይከተላሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የ4ኛው ተማሪ የ7ኛ ትምህርት ማርክ በረድፉ ላይ 3 ጊዜ 10 ሲደመር 7፣ 37ኛው ነው። 61ኛ ተማሪ ሲመጣ 10 ጉድጓዶች ከመጨረሻው ይቀጠላሉ፤ 37ኛው 37ኛ እንደሆነ ይቀራል። በተቃራኒው ተማሪን አስቀድመን ትምህርትን ብናስከትል በመጀመሪያ የ60ዎቹ የ1ኛ ትምህርት ማርክ፣ ቀጥሎ የ60ዎቹ የ2ኛ ትምህርት ማርክ ይደረደራል። ያው የ4ኛው ተማሪ የ7ኛ ትምህርት ማርክ 6 ጊዜ 60 ሲደመር 4፣ 364ኛ ላይ ይውላል። ተማሪዎቹ 61 ሲሆኑ ግን 6 ጊዜ 61 ሲደመር 4፣ 370ኛ መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ትምህርት በስተቀር የእያንዳንዱ ማርክ ቦታ ይለወጣል ማለት ነው። አዲሱ ተማሪ የሚገባው መጨረሻው ላይ ሳይሆን በ10 የተለያዩ ስፍራዎች መካከል ነው። ሪዲም ፕሪዘርቭ እንዲህ ያለውን ሽግሽግ አይሠራም።

ስለዚህ ሮስተሩን በጎኑ እናስተኛዋለን፤ ትምህርቱ በመጀመሪያው ቁጥር፣ ተማሪው በመጨረሻው። የትምህርቱ ብዛት በዓመት ውስጥ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የተማሪው ነው። በሥራ ሉሁ ላይ መልሰን ስንጽፍ ወደ ለመድነው አቀማመጥ ማዞር ቀላል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጨምረን እንለፍ። ድርድር የሚኖረው በሜሞሪ ውስጥ ብቻ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለሆነም ወደ ሥራ ሉሁ መጻፍና ፋይሉን ማስቀመጥ እስከ መጨረሻው ሊቆይ አይገባውም፤ ግን በአሮጌው ማርክ ላይ ሳይሆን በሌላ ሉህ ላይ ይጻፍ። እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ሦስቱ ልጆች ባልተፈተኑ ነበር።

በሌሎች ቋንቋዎችስ?

በሲ ቋንቋ ቦታውን የሚያስገኘው ማሎክ፣ የሚያሰፋው ሪአሎክ፣ የሚለቀው ፍሪ ይባላል። ሪአሎክ ይዘቱን ራሱ ያዛውራል፤ የለቀቁትን ቦታ ማስታወስና ፍሪ ማለት ግን የጸሐፊው ኀላፊነት ነው። በጃቫ አሬይ ሊስት የሚባለው ዝግጁ ዕቃ ሲሞላ በግማሹ ያህል ያድጋል፤ አቅሙ 10 የነበረው 15፣ ከዚያ 22 ይሆናል። በፓይተን ሊስት ላይ አፔንድ ብሎ መጨመር ብቻ ይበቃል፤ ትርፍ ቦታ መያዙም፣ ማዛወሩም ከጸሐፊው ዐይን ተሰውሮ ይሠራል።

ለጀማሪ የቱ ይሻላል በሚለው ላይ በተቋማችን አንድ ሐሳብ የለንም። ፓይተን ይሻላል የሚሉ ባልደረቦች ተማሪው ቶሎ ውጤት አይቶ እንዲደሰት ይፈልጋሉ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። እኛ ግን የክብሪቱን ቀፎ አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ሳያዩ አፔንድን የተማሩ ሠልጣኞች፣ ሁለት ስም ለአንድ ሊስት ሰጥተው አንዱን ሲለውጡ ሌላው ለምን አብሮ እንደተለወጠ ለማስረዳት ሲቸገሩ አይተናል። ስምና ከሥሩ ያለው ገበጣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስላላዩ ነው።

ለክፍል ሥራ የሚሆን አንድ ጥያቄ እንተዋለን። አቅሙ 10 የሆነ ድርድር አለ፤ 100 ማርክ ሊይዝ ይገባል። ቦታ ባለቀ ቁጥር 10 እየተጨመረ ቢሰፋ ስንት ጊዜ ማዛወር ይደረጋል? በእጥፍ ቢሰፋስ? የመጀመሪያው ከ10፣ 20፣ 30 እስከ 90 ተደምሮ 450 ይመጣል። ሁለተኛው 10፣ 20፣ 40ና 80 ተደምሮ 150 ነው። ነገር ግን በሁለተኛው መንገድ አቅሙ 160 ስለሚደርስ 60 ጉድጓድ ባዶውን ይቀራል፤ በደብል 480 ባይት መሆኑ ነው። ይህ ብክነት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ተማሪዎቹ ይከራከሩበት።